የስህተት ደብተር

   

የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ላይ ዘወትር የምንሠራቸው ስህተቶችና የቃላት አያያዝ ነው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ እናትና አባት የእንግሊዝኛ ፊደል ባያውቁም እንኳ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲያነቡትና እንዲያስጠኑበት ነው። ተማሪው ደግሞ እያንዳንዱን ምሳሌ በእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ደብተሩ ይገልብጠው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ጉዳይ ላውጋችሁ።

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ቦንጋ፣ ከጊምቦ በኩል የመጡ አንድ አባት መስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ወደ ጎን ወሰዱኝና «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ። ልጃቸው በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። በሌላው ትምህርት ደህና ስትሆን እንግሊዝኛው ግን ያስቸግራታል። አንድ ወጣት «የእንግሊዝኛውን መልስ ከፈተናው ቀን በፊት አመጣላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቋቸዋል። ገንዘቡን ለማግኘት ጊደራቸውን ሊሸጡ አስበዋል። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል ይላሉ። የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ትቅር?» አሉኝ።

እኔም «አባቴ፣ ጊደሯን አይሽጡ። ነገ ልጅቷ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ትምጣ» አልኳቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሐራሙ እናገር። ፈተና አማና ነው። ዛሬ በሰው መልስ ያለፈ ልጅ ነገ ሐኪም ሆኖ መርፌ የሚወጋው፣ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ የሚሠራው ለእኛው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እንኳ እርጥቡን እህል ከሥር አድርጎ ደረቁን ከላይ ያሳየውን ነጋዴ እንደ ገሠጹት እናውቃለን። በሰው ላብ የተጻፈን መልስ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ከዚህ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ነገር ከሳራው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው የፈተና ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ ሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። የደከመውም ያልደከመውም እኩል ተጉላልቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሆነው እንዲፈተኑ ተደረገ። ያን ጊዜ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተሰጠው ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። ይህ አኃዝ የሚያስተምረን ቁም ነገር አለ፤ በኩረጃ የተሸፈነው ጉድለት ሽፋኑ ሲነሣ እንዳለ ይገኛል። ጉድለቱን መሙላት እንጂ መሸፈን አያዋጣም።

ሲበወይህና አንዲት ስህተት

ልጅቷ በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሒጃቧን ወደ ፊቷ ጎተት አድርጋ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ደብተሩ ላይ የመምህሯ ቀይ እስክሪብቶ ከእርሷ ሰማያዊ ይበዛል። «እኔ እንግሊዝኛ አይገባኝም» አለችኝ። በዚህ ጊዜ በመድረሳ ሳለሁ ኡስታዛችን ያጫወቱንን የሲበወይህን ታሪክ ነገርኳት።

ሲበወይህ የፋርስ ተወላጅ ነበር፤ ዐረብኛ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። ሐዲስ ለመማር ወደ በስራ መጣ። እንደሚተረከው ከዕለታት አንድ ቀን በሸኹ በሐማድ ኢብን ሰለማ ፊት ሲያነብ «አባ» ማለት ሲገባው «አቡ» ብሎ አነበበ። አንዲት አናባቢ ብቻ ናት። ሸኹ ግን በደረሶቹ ሁሉ ፊት አረሙት። ሲበወይህ አፈረ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ጥሎ አልሸሸም። ከእንግዲህ ማንም እንዳያርመኝ የሚያደርገኝን ዕውቀት እማራለሁ ብሎ ቆረጠና ወደ ታላቁ የቋንቋ ሊቅ ወደ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ ሄደ። በመጨረሻም የዐረብኛን ሰዋስው የያዘውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። ሰዎች መጽሐፉን «አል-ኪታብ» ብቻ ብለው ይጠሩታል፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም። በቋንቋው ተወልደው ያደጉ ዐረቦች እስከ ዛሬ ከእርሱ ይማራሉ።

ስለዚህ ስህተት የድንቁርና ምልክት አይደለም። ከየት እንደ መጣ ያልተጠየቀ ስህተት ግን ዕድሜ ልክ ይከተለናል። ከልጅቷ ጋር ቀዩን እርማት አንድ በአንድ እያየን ወገን ወገኑን ስንለየው ያ ሁሉ ቀለም ከስምንት ዓይነት ስህተት አልበለጠም። ያውም ከስምንቱ አብዛኞቹ «ስህተት» አልነበሩም፤ በአማርኛ ትክክል የሆነ ሕግ የእንግሊዝኛ ልብስ ለብሶ የወጣ ነው። ስምንቱን እነሆ፦

1ኛ. «ከ» ሁልጊዜ «ፍሮም» አይደለችም

በአማርኛ «አሕመድ ከእኔ ይረዝማል» እንላለን። ይህን ይዘን «አሕመድ ኢዝ ቶለር ፍሮም ሚ» እንጽፋለን። ሁለት ነገር ሲወዳደር የእንግሊዝኛው «ከ» «ዛን» ነው፤ «አሕመድ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ»። «ሞር ቶለር» ማለትም አይቻልም፤ ማበላለጡ አንድ ጊዜ ከተነገረ ይበቃል።

2ኛ. የማያስፈልግ መስተዋድድ

«ስለ ችግሩ ተወያየን» ከሚለው «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም»፣ «ከመምህር ጋር ተጋባች» ከሚለው «ሺ ማሪድ ዊዝ ኤ ቲቸር»፣ «ወደ ክፍል ገባ» ከሚለው «ሂ ኢንተርድ ቱ ዘ ክላስሩም» ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ዲስከስ»፣ «ማሪ» እና «ኢንተር» በዚህ ፍቺያቸው ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይይዛሉ፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም»፣ «ሺ ማሪድ ኤ ቲቸር»፣ «ሂ ኢንተርድ ዘ ክላስሩም»። በነሕው ትምህርት ፊዕሉ መፍዑሉን ያለ ሐርፈ ጀር ሲይዝ እንደምታውቁት ማለት ነው። «በእግር» ደግሞ «ባይ ፉት» ሳይሆን «ኦን ፉት» ነው፤ «በመኪና» ግን «ባይ ካር» ይባላል።

3ኛ. «ኦልዞው» እና «በት» አብረው አይሄዱም

በአማርኛ «ምንም እንኳ ድኻ ቢሆንም፣ ነገር ግን ደስተኛ ነው» ማለት ያምርልናል። በእንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። «ኦልዞው ሂ ኢዝ ፑር፣ ሂ ኢዝ ሃፒ» ወይም «ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ»። «ቢኮዝ» እና «ሶው» ም እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለአንድ ምክንያት አይደረቡም።

4ኛ. ጊዜን መለካት

«ቦንጋ ውስጥ አምስት ዓመት እየኖርኩ ነው» የሚለው «አይ አም ሊቪንግ ኢን ቦንጋ ሲንስ ፋይቭ ይርስ» ሆኖ ይመጣል። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ቦንጋ ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ርዝመቱ ሲነገር (ሁለት ቀን፣ አምስት ዓመት) «ፎር»፤ መነሻው ሲነገር (ከእሑድ ጀምሮ፣ ከረመዳን ጀምሮ) «ሲንስ»። ነገሩ ዛሬም ካልተቋረጠ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» መኖር አለበት።

5ኛ. «ካለፍኩ» እና «ባልፍ ኖሮ»

ይህ ፈተና የሚወደው ቦታ ስለሆነ በደንብ እንየው። በአማርኛ «ፈተናውን ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» እንላለን። «ካለፍኩ» መልኩ የኃላፊ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ኢፍ አይ ፓስድ ዚ ኤግዛም፣ አይ ዊል ጆይን ኤ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን ሦስት ደረጃ አለው፦

ሀ/ ሊሆን የሚችል፦ «ኢፍ አይ ፓስ ዚ ኤግዛም፣ አይ ዊል ጆይን ኤ ዩኒቨርሲቲ።» ከ«ኢፍ» ቀጥሎ የአሁን ጊዜ፣ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ «ዊል»።

ለ/ ምኞት ወይም ግምት፦ «ኢፍ አይ ዌር ኤ ዶክተር፣ አይ ዉድ ሄልፕ ማይ ቪሌጅ» (ዶክተር ብሆን መንደሬን እረዳ ነበር)። እዚህ ነው ኃላፊ ጊዜው የሚገባው።

ሐ/ ያመለጠ፦ «ኢፍ አይ ሃድ ስተዲድ፣ አይ ዉድ ሃቭ ፓስድ» (ባጠና ኖሮ ባለፍኩ ነበር)። አላህ ከዚህኛው ቁጭት ይጠብቀን።

6ኛ. ቁጥርና ስምምነት

በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ብንል አያስነውርም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሮታልና። በእንግሊዝኛ «ስሪ ቡክ» አይሆንም፤ «ስሪ ቡክስ» ነው። «ሕዝቡ መጣ» እንላለን፤ «ፒፕል» ግን ብዙ ስለሆነ «ፒፕል አር» ነው። በተቃራኒው «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «የቤት ሥራዎች» እንላለን፤ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ሆምወርክ» ግን «ስ» አይጨመርባቸውም። «ከጓደኞቼ አንዱ» የሚለው «ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድስ ኢዝ» ይሆናል፤ ጓደኞች ብዙ ናቸው፣ ግሱ ግን «አንዱን» ይከተላል።

እዚሁ ላይ «ሺ ጎ» የሚለው አለ። በአማርኛ «ትሄዳለች» ስንል አድራጊዋ ማን እንደሆነች ግሱ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የቀረችው ምልክት አንዲት «ዝ» ብቻ ናት፤ «ሺ ጎዝ»። ይህች ምልክት «ዳዝ» ወይም «ዲድ» ሲመጣ ወደ እርሱ ትሄዳለች፤ «ሺ ዳዝ ኖት ጎ»፣ «ዲድ ሺ ጎ?» እንላለን እንጂ «ዲድ ሺ ዌንት?» አይባልም።

7ኛ. በዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባ ጥያቄ

«የት እንዳለ አላውቅም» ለማለት «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» ይባላል። ይህኛው ከአማርኛ የመጣ አይደለም፤ «ዌር ኢዝ ሂ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ ሸምድደን በመያዛችን የመጣ ነው። ጥያቄው በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ጥያቄነቱ ይቀርና ባለቤቱ ይቀድማል፤ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ»።

8ኛ. አክብሮት

የልጅቷ ድርሰት ስለ አባቷ ነበር። «ማይ ፋዘር አር ኤ ፋርመር። ዜይ ወርክ ሃርድ» ብላ ጽፋለች። መምህሯ «አር» እና «ዜይ» የሚሉትን በቀይ ሰርዞባታል። «አባቴን እንዴት አንተ ልበለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ ዘንድ «አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በርትተው ይሠራሉ» ማለት አደብ ነው። እንግሊዝኛ ግን አክብሮትን በግስ አይገልጽም፤ ለአባትም ለንጉሥም «ሂ» ይላል። አክብሮቱ የሚገለጸው በቃል ምርጫና በአነጋገር ለዛ ነው። ስለዚህ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር። ሂ ወርክስ ሃርድ» ስትሉ አባታችሁን አላዋረዳችሁም፤ አይክበዳችሁ።

ስምንቱን ስናይ ያስተዋልነው ነገር አለ። የካፋ ልጅ ድኻ አይደለም። በቤቱ ካፊኖኖ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ ይዟል። ካፊኖኖና አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ዐረብኛ በግስ ሊጀምር ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግሱን መሐል ያደርጋል። ሦስት ቋንቋ የለየ ጭንቅላት አራተኛውን አይፈራም፤ ማወዳደር ብቻ ይበቃዋል።

ቃላትን በቤተሰብ መያዝ

ብዙ ተማሪዎች ቃላት የሚያጠኑት መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው በመሸምደድ ነው። እኔም በተማሪነቴ ይህን ሞክሬ ከሁለተኛው ፊደል አላለፍኩም፤ የያዝኳቸውም ቃላት በፈተናው ላይ ሳገኛቸው የት እንደሚገቡ አላወቅሁም። መንገዱ ሌላ ነው።

በመድረሳ ሶርፍ ስንማር «ከተበ» ከሚለው «ኪታብ»፣ «ካቲብ»፣ «መክተባ» እንደሚወጡ አይተናል። አማርኛችንም «ወሰነ» ብሎ «ውሳኔ»፣ «ወሳኝ» ይላል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ይወልዳል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ከፊትና ከኋላ መጨመሩ ነው። «ዲሳይድ» ግስ ነው (ወሰነ)፤ «ዲሲዥን» ስም ነው (ውሳኔ)፤ «ዲሳይሲቭ» ቅጽል ነው (ወሳኝ)። መጨረሻቸው «ሽን»፣ «መንት»፣ «ነስ» የሆኑ ቃላት ብዙውን ጊዜ ስም ናቸው። «ፉል»፣ «ለስ»፣ «ኤብል» የሚሉ ቅጽል ናቸው። ከፊት «አን»፣ «ኢን»፣ «ኢም»፣ «ዲስ» ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አፍራሽ ነው፤ «ሚስ» ደግሞ «በተሳሳተ መንገድ» የሚል ሐሳብ ያመጣል። ለምሳሌ «ሪላይ» ማለት ተማመነ ነው፤ «ሪላየብል» የሚታመን፣ «አንሪላየብል» የማይታመን። በፈተና ላይ የማታውቁት ቃል ቢገጥማችሁ እንኳ ባዶው ቦታ ስም ነው ወይስ ቅጽል የሚፈልገው ብላችሁ ብትጠይቁ ከአራቱ ምርጫ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ።

ከደጃችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ «ባዮስፌር ሪዘርቭ» ተብሎ ተመዝግቧል። «ባዮ» ሕይወት ማለት ነው፤ «ባዮሎጂ» የሕይወት ጥናት፣ «ባዮግራፊ» የሰው የሕይወት ታሪክ። «ሪዘርቭ» ማቆየት፣ መጠበቅ ነው፤ «ሪዘርቬሽን» ከእርሱ ይወለዳል። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ውስጡን ከፈት አድርገን ብናየው ግን አምስት ቃል እናተርፋለን።

ለመድረሳ ልጆች ደግሞ ሳያውቁት በእጃቸው ያለ ሀብት አለ። «አልጀብራ» ከ«አል-ጀብር»፣ «ኮተን» ከ«ቁጥን»፣ «ሹገር» ከ«ሱከር»፣ «ዚሮ» ከ«ሲፍር»፣ «ታሪፍ» ከ«ተዕሪፍ»፣ «ጂራፍ» ከ«ዘራፋ» የመጡ ናቸው። «አልጎሪዝም» የሚለው የኮምፒውተር ቃል የታላቁ የሒሳብ ሊቅ የአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ይህችን የያዛችኋትን መጽሔት እንግሊዝኛ «ማጋዚን» ይላታል፤ እርሱም «መኻዚን»፣ ማለትም መጋዘኖች፣ ከሚለው ዐረብኛ ነው። «ኮፊ» የሚለውም ከ«ቀህዋ» በቱርክና በሆላንድ በኩል እንግሊዝ የደረሰ ነው። ይህ ስም ከካፋችን ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ቡናው ግን የጫካችን መሆኑ አያከራክርም።

አማርኛ የሚያስተን፣ አማርኛ የሚያድነን

አንዳንዱን ቃል ለቃል ስንተረጉም እንስታለን። «መብራት ጠፋ» «ዘ ላይት ኢዝ ሎስት» አይደለም፤ «ዘ ፓወር ዌንት አውት» ነው። «ራሴን አመመኝ» «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ነው። በአማርኛ የቤት ሥራም ስህተትም «ይሠራል»፤ በእንግሊዝኛ ግን የቤት ሥራ «ዱ»፣ ስህተት ደግሞ «ሜክ» ነው፤ «ዱ ሆምወርክ»፣ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»።

በሌላ በኩል አማርኛችን ፈተና ላይ የሚያሳስቱትን ጥንድ ቃላት ይለይልናል። «ተ» እና «አ» ን ልብ በሉ፦ ተነሣ «ራይዝ»፣ አነሣ «ሬይዝ»፤ ተበደረ «ቦሮው»፣ አበደረ «ሌንድ»፤ ተጋደመ «ላይ»፣ አጋደመ «ሌይ»። «ተማረ» «ለርን» ሲሆን «አስተማረ» «ቲች» ነው። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ በአማርኛ ተናገሩት፤ መልሱ ራሱ ይመጣል።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጠና?

ቁርኣን የሐፈዘ ሰው ሙራጀዓ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ የተያዘው አንቀጽ ነገ ካልተከለሰ ከልብ ያመልጣል። ለእንግሊዝኛውም ይኸው ይሠራል። እኔ ለልጅቷ የሰጠኋት ሥርዓት ይህ ነው፦

— አንድ ደብተር «የስህተት ደብተር» ተብሎ ይለይ። ገጹ ለሦስት ይከፈል፤ የተሳሳትኩት፣ የታረመው፣ ስህተቱ ከየት መጣ።

— በቀን አምስት ቃል ብቻ ይያዝ። እያንዳንዱ ቃል ከቤተሰቡ ጋርና ከራስ ሕይወት በወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ወንድም።

— የዛሬው ነገ፣ ከዚያም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ጁሙዓ ዕለት፣ ከዚያም በወሩ መጨረሻ ይከለስ። ሲከለስ ዓይን ገጹን አይይ፤ መጀመሪያ ከልብ ይነገር፣ ከዚያ ይታይ።

— በሳምንት አንድ ጊዜ ሰዓት ተይዞ የቆየ የፈተና ወረቀት ይሠራ። የተሳሳተው ሁሉ ወደ ስህተት ደብተሩ ይግባ።

ወላጆች ሆይ፣ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ምን ልርዳው» አትበሉ። ደብተሩን ይዛችሁ «ይህ ለምን ተሳሳተ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጁ ለእናንተ ሲያስረዳ ለራሱ ያጸናዋል። ለሴት ልጅ ደግሞ ጊዜ ስጧት። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ሌሊት በኩራዝ የምታጠናን ልጅ ከወንድሟ ጋር እኩል ተፈተኑ ማለት ፍትሕ አይደለም። ሥራውን በቤት ውስጥ አካፍሉት።

«ይህ የዱንያ ትምህርት ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሳቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት ዘይድ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተምሮታል። የሌላውን ቋንቋ ማወቅ ለሕዝበ ሙስሊሙ መጠበቂያ ነው።

ልጅቷስ?

ያ ወጣት ገንዘቡን ሳያገኝ ቀረ፤ ጊደሯም አልተሸጠችም። ልጅቷ ለሰባት ወር ያህል ከዒሻ ሶላት በኋላ ከአባቷ ጋር ትቀመጥ ነበር። አባትየው ፊደሉን ባያውቁትም «ይህቺ ቀይ ለምንድን ናት?» እያሉ ይጠይቋታል። ውጤቱ ሲመጣ እንግሊዝኛዋ ከግማሽ በላይ ሆነ። አጠቃላይ ድምሯ ግን ለቀጥታ መግቢያ ጥቂት ጎደለውና በማካካሻው ትምህርት፣ «ሬሜዲያል» በሚባለው፣ ገባች። ያዝኑ ይሆን ብዬ ወደ አባትየው ሄድኩ። «ኡስታዝ፣ የጎደለውም የሞላውም የራሷ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ራሳችሁን ፈትኑ

የሚከተሉትን አርሙ፤ ከየት እንደመጡም ጻፉ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት።

1. «ማይ ሲስተር ኢዝ ኦልደር ፍሮም ሚ።»
2. «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት ቱ ስኩል።»
3. «ሂ ጌቭ ሚ ሜኒ አድቫይስስ።»
4. «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ማርኬት?»
5. «ኢፍ ሺ ስተዲድ ሃርድ፣ ሺ ዊል ፓስ።»

መልስ፦ 1. «ኦልደር ዛን ሚ»። 2. «በት» ይውጣ፤ ወይም «ኦልዞው» ይውጣ። 3. «ሂ ጌቭ ሚ ኤ ሎት ኦቭ አድቫይስ»። 4. «ዌር ዘ ማርኬት ኢዝ»። 5. ተስፋው ገና ካለ «ኢፍ ሺ ስተዲዝ ሃርድ፣ ሺ ዊል ፓስ»።

በሚቀጥለው ወር የንባብ ጥያቄዎችን ያለ ጭንቀት እንዴት መሥራት እንደሚቻል እናያለን፤ ኢንሻአላህ። እስከዚያው የስህተት ደብተራችሁን ክፈቱ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።